ከብርቱ ሩጫ በኋላ ከፍ የሚል ስኳር በሽታ አይደለም

የሚሮጥ ሰው በየከተማው በበዛ ቁጥር አንድ ግራ መጋባትም አብሮ እየተስፋፋ ነው። ስፖርት ስኳር ያወርዳል የሚለውን ምክር ሐኪሙም ጋዜጣውም ጎረቤቱም ሲደጋግሙት ኖረዋል። ይህን አምኖ ዳገት ላይ ሲመላለስ ያረፈደ ሯጭ ቤቱ ገብቶ ለወላጆቹ በተገዛው መለኪያ ጣቱን ወጋ ያደርግና 150 ወይም 165 ሲያነብ ይደነግጣል። ከመውጣቱ በፊት 92 ነበር፤ እህል ሳይቀምስ፣ ላብ በላብ ሆኖ እያለ ስኳሩ ጨምሮ ተገኘ። በውጭ አገር የሚኖረው ወገናችን ደግሞ ክንድ ላይ ተለጥፎ ስኳር የሚለካውን ሴንሰር ያለ ሐኪም ትእዛዝ መግዛት ጀምሯል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ነው። ስልኩ ላይ ያለው መስመር ሽቅብ ሲወጣ ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት መደምደሚያዎች አንዱን ይይዛል፤ ወይ «ስኳር ጀምሮኛል» ይላል፣ ወይ «ኃይለኛ ሩጫ ለጤና አይበጅም» ብሎ ሶምሶማ ላይ ብቻ ይቀራል።

ሁለቱም መደምደሚያዎች የተሳሳቱ ናቸው፤ ስሕተታቸውም ከአንድ ምንጭ ይቀዳል። የደም ስኳር ቁጥር ብቻውን ትርጉም የለውም። ሰውየው ምን ያህል ጠንክሮ እንደሮጠ፣ ሩጫውን ካቆመ ስንት ደቂቃ እንዳለፈው፣ ሰውነቱ ኢንሱሊን ማመንጨት መቻል አለመቻሉ ካልታወቀ በስተቀር 165 የሚለው ቁጥር ጤናንም ሕመምንም አይናገርም። በጤነኛ ሯጭ ላይ ከብርቱ ልምምድ በኋላ የሚታየው ጭማሪ የሰውነት አሠራር በትክክል ለመሥራቱ ምልክት እንጂ የመበላሸቱ ማስረጃ አይደለም። ይህ ማለት ግን ሯጭ ስለ ስኳር ፈጽሞ ማሰብ የለበትም ማለት አይደለም። ሊያሳስቡን የሚገቡ ነገሮች አሉ፤ የሚገኙት ግን ብዙ ሰው በሚፈራበት ቦታና ሰዓት አይደለም።

ጉበት ቀድሞ ይልካል

ጤነኛ ሰው ባዶ ሆዱን ሲለካ በአንድ ዴሲ ሊትር ደሙ ውስጥ ከ70 እስከ 99 ሚሊ ግራም ስኳር ይገኛል። አምስት ሊትር ገደማ ደም ላለው ጎልማሳ ሁሉም ቢደመር አምስት ግራም ቢሆን ነው፤ ከአንዲት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብዙም አይርቅም። አሁን 60 ኪሎ የሚመዝን፣ ማራቶንን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሮጥ አትሌት እናስብ። በደቂቃ 20 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል፤ በዚህ ፍጥነት አብዛኛው ጉልበት ከካርቦሃይድሬት ስለሚመጣ በየደቂቃው አራት ግራም ያህል ያስፈልገዋል። ደም ውስጥ ያለው ስኳር ብቻ ነዳጅ ቢሆን ኖሮ ሯጩ ከመነሻው ብዙም ሳይርቅ ባለቀበት ነበር። የማያልቅበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን በሚባል መልክ የተቀመጠ በመቶዎች የሚቆጠር ግራም ስንቅ አለ። ሁለተኛ፣ ጉበት 100 ግራም ገደማ ግላይኮጅን ይዞ ከደም የሚወሰደውን በየቅጽበቱ ይተካል። ጡንቻ ያከማቸውን ለራሱ ብቻ ይጠቀማል፤ ለደምና ለአንጎል የሚያካፍለው ጉበት ነው። አንጎል ደግሞ በደም ስኳር ላይ ስለሚደገፍ አቅርቦቱ ሲቋረጥ መታገሥ አይችልም።

በሶምሶማ ጊዜ ይህ ሥርዓት ጸጥ ብሎ ይሠራል። ኢንሱሊን ይቀንሳል፣ ግሉካጎን የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል፤ ጉበትም ጡንቻው የወሰደውን ያህል እየለካ ይመልሳል። ስለዚህ ወሬ እያወሩ የሚሮጡት የአንድ ሰዓት ሩጫ ቁጥሩን ብዙም አያንቀሳቅሰውም፤ ምናልባት ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል። ሩጫው ከከፍተኛው የኦክስጅን አጠቃቀም አቅም 80 በመቶውን ሲያልፍ ግን አዛዡ ይለወጣል። የካናዳ ተመራማሪዎች ማርሊስና ቭራኒክ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ዳሰሳ እንዳስረዱት፣ በእንዲህ ያለ ብርቱ እንቅስቃሴ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ከ14 እስከ 18 እጥፍ ያድጋሉ። የጉበት የስኳር ምርት ሰባትና ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ የጡንቻ አጠቃቀም ግን የሚጨምረው ሦስትና አራት እጥፍ ብቻ ነው። ወደ ደም የሚገባው ከሚወጣው በለጠ ማለት ነው፤ ጭማሪው የመጣው ከዚህ ቀላል ሒሳብ ነው። በዚያ ላይ ጡንቻው የራሱን ግላይኮጅን በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚያፈርስ፣ ከውጭ የሚመጣውን ስኳር ተቀብሎ ለመጠቀም ለጊዜው ፋታ ያጣል።

ሰርግ የደገሰ ቤት እንጀራ የሚጋግረው የእንግዳውን ቁጥር አጥርቶ አውቆ አይደለም፤ ተርፎ ይደር እንጂ ጎድሎ አያሳፍር ብሎ ነው። ጉበትም በብርቱ ሩጫ ጊዜ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንጎል «አሁን ጉልበት ይጠየቃል» ብሎ ባዘዘ ቅጽበት፣ ጡንቻው ምን ያህል እንደሚወስድ ሳይጠብቅ ቀድሞ ይልካል። የትርፉ ዋጋ አነስተኛ ነው፤ ለግማሽ ሰዓት ወይም ለአንድ ሰዓት ጥቂት ግራም ስኳር ደም ውስጥ ይንሸራሸራል። የጉድለቱ ዋጋ ግን ከባድ ነው፤ ራስን ማዞር፣ መደነጋገር፣ መውደቅ። ሰውነት ከሁለቱ የቀለለውን መርጧል።

ኢንተርቫል የሚባለው የትራክ ልምምድ ይህን በዝርዝር ያሳያል። ሯጩ ካሟሟቀ በኋላ ስድስት ጊዜ አንድ ኪሎ ሜትር በኃይል ይሮጣል፤ በመካከሉ አጭር እረፍት ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ስኳሩ እምብዛም አይነቃነቅም። ከሦስተኛው በኋላ መውጣት ይጀምራል። ጫፍ የሚደርሰው ግን በሩጫው መሀል አይደለም፤ የመጨረሻው ዙር ካለቀ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ነው። ምክንያቱም እግሩ ሲቆም ጡንቻው ስኳር መውሰዱን ወዲያው ይቀንሳል፤ ለጉበት የተላለፈው ትእዛዝ ግን እስኪበርድ ጊዜ ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ጤነኛ ቆሽት ኢንሱሊን ይለቅና ትርፉን ወደ ጡንቻ ያስገባዋል፤ የባከነውን ግላይኮጅን መተካትም ይጀመራል። በአንድ ሰዓት ገደማ ቁጥሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከልምምዱ መልስ ወዲያው ጣቱን የወጋው ሰው ያየው እንግዲህ የዚህን ጉዞ ጫፍ ነው። ከ90 ወደ 150 መውጣት አስፈሪ ይመስላል፤ በግራም ሲሰላ ግን አምስት ሊትር ደም ውስጥ የጨመረው ሦስት ግራም ነው፤ የሻይ ማንኪያም አይሞላም።

ወሳኙ የሩጫው ክብደት እንጂ ሰዓቱ ላይ የሚነበበው ፍጥነት አለመሆኑንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። በዝቅተኛ ቦታ ኖሮ የለመደ ሰው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላትን አዲስ አበባን ሊጎበኝ መጥቶ፣ ወይም እንጦጦ ወጥቶ፣ በለመደው ፍጥነት ቢሮጥ ያው ፍጥነት ለሰውነቱ ሌላ ክብደት ነው። ኦክስጅን ሲሳሳ ሶምሶማ የነበረው ብርቱ ሩጫ ይሆናል፤ ስኳሩም ይህንኑ ተከትሎ ይወጣል። ያንን ጭማሪ አይቶ ምግቡን ወይም ቆሽቱን የሚጠረጥር ሰው የተጠያቂውን ስም ተሳስቷል።

የሠለጠነው ሰው ስኳር ይበልጥ ይወጣል

ጭማሪው የሕመም ምልክት ቢሆን ኖሮ በደካማ ሰው ላይ በርትቶ በጠንካራ አትሌት ላይ መቅለል ነበረበት። ማስረጃው የሚያሳየው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። የዴንማርክ ተመራማሪዎች ኬርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 የሠለጠኑ አትሌቶችንና ያልሠለጠኑ ወጣቶችን ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ እያንዳንዱን በየራሱ አቅም ልክ ከመካከለኛ እስከ ከአቅም በላይ በሆነ ክብደት አሠሯቸው። በብርቱው ሥራ ላይ የአትሌቶቹ አድሬናሊን ከሌሎቹ በለጠ፤ የደም ስኳራቸውም ይበልጥ ከፍ አለ። ሥልጠና የአድሬናሊን ዕጢን አቅም ያጎለብታል፤ ጉበትም ፈጥኖ መታዘዝን ይለምዳል። ስለዚህ ለዓመታት የደከመ ሯጭ ከአዲስ ጀማሪ ጓደኛው የበለጠ ጭማሪ ቢያይ ሊያዝን አይገባውም። የሥልጠናው ፍሬ አንዱ መገለጫ ነው።

ስፖርት ስኳር ያወርዳል የሚለው ምክር ታዲያ ሐሰት ነው ማለት ነው? አይደለም። የተሳሳትነው በጊዜው ላይ ነው። ጡንቻ ሲኮማተር ስኳር የሚያስገቡ በሮች ያለ ኢንሱሊን እርዳታ ወደ ሕዋሱ ጠርዝ ይወጣሉ። ከሩጫው በኋላም ጡንቻው ለአንድ፣ አንዳንዴም ለሁለት ቀን፣ ለኢንሱሊን ጥሪ ፈጥኖ ይታዘዛል። ምክሩ እውነት የሚሆነው በእነዚህ ቀናት ውስጥ፣ ከዚያም በወራትና በዓመታት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በታተመው የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት ላይ፣ ለበሽታው የተቃረቡ ሰዎች በሳምንት 150 ደቂቃ በመንቀሳቀስና ክብደት በመቀነስ የመታመም ዕድላቸውን በ58 በመቶ ዝቅ አድርገዋል። ፊንላንዶችም ከ1920 እስከ 1965 አገራቸውን በዓለም አቀፍ ውድድር የወከሉ የቀድሞ አትሌቶቻቸውን እስከ እርጅና ተከታትለዋል፤ ረጅም ርቀትን ጨምሮ የጽናት ስፖርት የሠሩት ከእኩዮቻቸው በግልጽ ባነሰ መጠን በስኳር በሽታ ተይዘዋል። እነዚህ አትሌቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሶምሶማ ብቻ አልሮጡም። ስኳር ከፍ የሚያደርገው ዓይነት ልምምድ የዘወትር ሥራቸው ነበር። በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ የሚያደርገው ያው ሥራ በዓመታት ውስጥ ከበሽታው ይጠብቃል፤ ሁለቱ እውነቶች አይጣሉም።

«ከፍ ያለ ስኳር ምንም ጊዜ ከፍ ያለ ስኳር ነው» ለሚሉ

በዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ የሚናቅ አይደለም። ስኳር የደም ሥርን፣ ኩላሊትንና ዓይንን የሚጎዳው ከየትም መጣ ከየት ስለሆነ፣ በየልምምዱ የሚደጋገም ጭማሪ ውሎ አድሮ ዋጋ አያስከፍልም ወይ የሚል ነው። መልሱ በመጠንና በቆይታ ላይ ያርፋል። ለጉዳት የሚያበቃው ስኳር ለወራትና ለዓመታት ቀን ከሌት ከፍ ብሎ የሚቆየው ነው፤ ስለ ጉዳቱ የምናውቀውም ከእንዲህ ዓይነት ታማሚዎች የተማርነው ነው። የሯጩ ጭማሪ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል የሚቆይ፣ ኢንሱሊን በቦታው ሳለ የሚከሰት፣ ከዚያም ጡንቻው በጉጉት የሚውጠው ነው። አንድ ዓይነት ቁጥር ማንበብ አንድ ዓይነት ሁኔታ ውስጥ መሆን አይደለም። የፊንላንዶቹ አትሌቶች የዕድሜ ልክ መዝገብም ከዚህ ሐሳብ ጋር ይስማማል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከራሱ ከሩጫው ዓለም፣ ከከባድ ስም ጋር ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ፕሮፌሰር ቲም ኖክስ በሩጫ ሳይንስ ላይ በዓለም የታወቀ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ራሳቸውም በርካታ ማራቶኖችን ሮጠዋል፤ ለዓመታትም ሯጮች ካርቦሃይድሬት በብዛት እንዲበሉ መክረዋል። ኋላ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ እንዳለባቸው አወቁ፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህም አቋማቸውን ገልብጠው ሯጮች ከእህልና ከስኳር እንዲርቁ የሚሰብኩ ሆኑ። ሩጫም ካርቦሃይድሬትም እንዳላዳኗቸው መናገራቸው ብዙዎችን አሳምኗል። ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር በእርግጥ መውሰድ ይገባል፤ ሩጫ ከስኳር በሽታ ፍጹም መከላከያ አይደለም። አባታቸውም በዚሁ በሽታ የተያዙ ነበሩ፤ በዘር የሚወርድ ተጋላጭነትን ኪሎ ሜትር ብቻውን አይሽረውም። ከዚያ አልፎ ግን ካርቦሃይድሬት ሯጭን ያሳምማል ወደሚለው መደምደሚያ መዝለል የአንድን ሰው ዕጣ የሁሉም ሕግ ማድረግ ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ የእኛ አገር ምስክርነት ትልቅ ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት አሥር የኢትዮጵያ ምርጥ የረጅም ርቀት ሯጮች የሚበሉትን ለአንድ ሳምንት መዝኖ መዝግቧል። ከሚያገኙት ጉልበት 64 በመቶው የመጣው ከካርቦሃይድሬት ነበር፤ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው ወደ አሥር ግራም የሚጠጋ ማለት ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ የገበታቸው መሠረት ነው፤ በሶውም ከዚህ መንደር አይርቅም። ይህን ሁሉ እህል የሚበላ ሰው ቀኑን ወንበር ላይ ቢውል ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ ለሚሮጥ ሰው ግን እህሉ የሚገባበት ጎተራ በየቀኑ ይጎድላል፤ የገባው የሚከማችበት ቦታ አያጣም። ካርቦሃይድሬት ለማን፣ ከምን ያህል ሥራ ጋር የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ክርክሩ ትርጉም የለውም። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከሄዱት ወገኖቻችን መካከል የስኳር በሽታ ከፍ ማለቱን ሐኪሞች ከተመለከቱ ዓመታት አልፈዋል። እዚያ ከኑሮው ጋር አብረው የተለወጡት ምግቡም የሰውነት እንቅስቃሴውም ናቸው። ጤፍን ወይም ገብስን ለብቻው ከሶ መፍረድ ግማሹን መዝገብ ብቻ ማንበብ ነው።

ሥጋቱ ቦታ የሚያገኝበት

የሯጭ ስኳር ምንጊዜም ጤናማ ነው ብሎ መደምደምም ሌላው ጽንፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት አሥር በንቃት የሚሠለጥኑ አትሌቶችን ሴንሰር አስለብሶ ለስድስት ቀናት ተከታተለ። ከምግብ በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታት ሳይቆጠሩ እንኳ፣ አራቱ ከ70 በመቶ በላይ ጊዜያቸውን ከ108 ሚሊ ግራም በላይ ሆነው ነው ያሳለፉት። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ከስቶክሆልም የወጣው ጥናት ነው። ፍሎክሃርትና ባልደረቦቹ አሥራ አንድ ጤነኛ ፈቃደኞችን ለአራት ሳምንታት አሠለጠኑ። የብርቱ ኢንተርቫሉን ደቂቃ በመጀመሪያው ሳምንት 36፣ በሁለተኛው 90፣ በሦስተኛው 152 አደረጉት፤ በአራተኛው ቀነሱት። እስከ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ ሁሉም ነገር ይሻሻል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ግን ጉልበት የሚያመነጩት የሕዋስ ክፍሎች፣ ማይቶኮንድሪያ፣ ሥራቸው ተዳከመ፤ ሰዎቹ የጠጡትን ግሉኮስ ከደማቸው የማጽዳት አቅማቸውም ቀነሰ። እረፍት ሲሰጣቸው አብዛኛው ተመለሰ።

ይህ ጥናት የብርቱ ልምምድን ጥቅም አያፈርስም፤ ልኩን ግን ያሳያል። ከአንድ ኢንተርቫል በኋላ የታየ ጭማሪ ለጉበት የተላለፈው ትእዛዝ ውጤት ነው። ብርቱ ሥራ ሳምንቱን ሙሉ ያለ እረፍት ሲደራረብ የሚታየው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጡንቻው የቀረበለትን ስኳር መቀበል እያቃተው ነው። የመጀመሪያው በሩጫው ማግስት ጠዋት የለም። ሁለተኛው ከእንቅልፍ ስንነሳ እንኳ አብሮን ይነሳል። ረጅም ቁልቁለት ወይም ማራቶን ጡንቻን ካቆሰለ በኋላም ለጥቂት ቀናት ተመሳሳይ ነገር ይታያል፤ የቆሰለ ጡንቻ ስኳር የሚያስገቡት በሮቹ ይቀንሳሉ። በማራቶን ማግስት ወደ ላቦራቶሪ ሄዶ በውጤቱ መደናገጥ የማይገባውም ለዚህ ነው። አብዛኛውን ሳምንት በቀላል ሩጫ አሳልፎ ብርቱውን ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚለይ የቆየ የአሠለጣጠን ልማድ በዚህ ሳይንስ ፊት ምንም አላፈረም።

ፍጹም የተለየ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ደግሞ አሉ። የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለበት ሯጭ ሰውነቱ ኢንሱሊን ስለማያመነጭ፣ ከብርቱ ሩጫ በኋላ የወጣው ስኳር በራሱ አይወርድለትም፤ ለሰዓታት ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። በአንጻሩ ረጅም ሶምሶማ፣ የተወጋው ኢንሱሊን ደሙ ውስጥ እያለ፣ ስኳሩን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድበት ይችላል። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ቡሶና ፎርኒየር እ.ኤ.አ. በ2006 ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዳሳዩት፣ በመካከለኛ ክብደት የተሠራ እንቅስቃሴ ሲያበቃ የተጨመረች አሥር ሰከንድ ሙሉ ኃይል ያላት ሩጫ የስኳሩን መውረድ ለሁለት ሰዓት ገታችው። የልምምድ ክብደት ስኳርን በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚነዳ ከዚህ በላይ ግልጽ ማሳያ የለም። ይህ ታማሚ ከብርቱ ሩጫ በኋላ ያየውን 220 በችኮላ ብዙ ኢንሱሊን ወግቶ ሊያወርድ ቢሞክር፣ ሌሊት ጡንቻው ለኢንሱሊን ይበልጥ ሲታዘዝ ስኳሩ ተኝቶ ሳለ ሊያሽቆለቁል ይችላል። በአገራችን በስፋት የሚታዘዘውን ግሊቤንክላሚድ የመሰለ ክኒን የሚወስድ ሰውም በረጅም ሩጫ ላይ ስኳር የመውረድ አደጋ አለበት። እነዚህ ሰዎች ሩጫ ሊከለከሉ አይገባም፤ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ግን ከሐኪማቸው ጋር ሳያስተካክሉ ልምምድ መቀየር የለባቸውም።

ፍጥነትን በስኳር መወሰን አይቻልም

የሴንሰሩ ሻጮች በበኩላቸው፣ ሯጭ የስኳሩን መስመር እያየ ልምምዱንና ምግቡን ቢመራ ይጠቅመዋል ይላሉ። ማራቶንን ከሁለት ሰዓት በታች የሮጠው ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ራሱ በልምምድ ላይ ሴንሰር መጠቀሙ ይህን ሐሳብ አድምቆታል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ረጅም ሩጫ ላይ የስኳር ማነስ ሯጭን በእርግጥ ይጥላል። ይህን ከመቶ ዓመት በፊት ያዩት የቦስተን ሐኪሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1924 የቦስተን ማራቶንን ከጨረሱ ሯጮች ደም ወስደው ሲመረምሩ፣ ገርጥተውና ተደነጋግረው መጨረሻው ላይ የደረሱት ስኳራቸው በጣም የወረደው ሆነው ተገኙ። በቀጣዩ ዓመት ሯጮቹ በመንገድ ላይ ከረሜላ እንዲበሉ ሲደረግ ሁኔታቸው ተሻሻለ። በ1986 ደግሞ ኮይልና ባልደረቦቹ ባዶ ሆዳቸውን ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች ከሦስት ሰዓት በኋላ ሲዝሉ፣ ካርቦሃይድሬት እየጠጡ የነዱት አራት ሰዓት መቆየታቸውን አረጋግጠዋል።

ከሰዓት በታች ለሚያልቅ ሩጫ ግን ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 የብሪታንያ ተመራማሪዎች ካርተርና ባልደረቦቹ ለአንድ ሰዓት በሙሉ አቅማቸው የሚጋልቡ ብስክሌተኞች ደም ውስጥ በቀጥታ ግሉኮስ አስገቡ፤ ስኳራቸው ከፍ አለ፤ ፍጥነታቸው ግን አልተሻሻለም። እነዚሁ ተመራማሪዎች በሌላ ሙከራ ካርቦሃይድሬት ያለበትን ፈሳሽ ሳይውጡ አፋቸውን ተጉመጥምጠው እንዲተፉት አደረጉ፤ ፍጥነታቸው በሦስት በመቶ ገደማ ጨመረ። ደም ውስጥ የገባ ስኳር ያላመጣውን ለውጥ ወደ ሆድ እንኳ ያልወረደ ስኳር፣ አንጎልን በአፍ በኩል በማበረታታት ብቻ አመጣው። ስለዚህ አሥር ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው የስልኩን መስመር ከፍ ለማድረግ ጣፋጭ ቢያከማች ትርፉ ወጪ ብቻ ነው። መሣሪያውም የራሱ ጉድለት አለው። የሚለካው ደሙን ሳይሆን ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ከደሙ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይዘገያል። ስኳር በፍጥነት በሚዋዥቅበት ኢንተርቫል ላይ ሯጩ የሚያየው ያለፈውን ዙር ነው። ከሁሉም በላይ፣ መስመሩ ሲወጣ ሰውየው ጠንክሮ ስለሮጠ ይሁን ሙዝ ስለበላ መለየት አይችልም። የልምምድን ክብደት ለመለካት ትንፋሽ፣ የልብ ምትና የአሠልጣኝ ዓይን ከዚህ በብዙ ይሻላሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ለሯጩም ለሐኪሙም ይጠቅማል። ጤነኛ ሯጭ ስኳሩን ማወቅ ከፈለገ ከትራክ መልስ አይለካ። ከቀላል ልምምድ ወይም ከእረፍት ቀን በኋላ ጠዋት ባዶ ሆዱን ይለካ፤ አለዚያም የሦስት ወር ስኳር የሚባለውን ምርመራ ያድርግ። የጠዋቱ ቁጥር በተለያዩ ቀናት ከ100 በላይ እየሆነ ካስቸገረው በመጀመሪያ የሳምንቱን ልምምድና እንቅልፉን ይመርምር፤ ሐኪምም ያማክር። በሁለት የላቦራቶሪ ምርመራ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው፤ ያኔ ሯጭ ነኝ ብሎ መዘናጋት አይገባም። ሐኪሞችም ውጤት ከማንበባቸው በፊት «ዛሬ ጠዋት ምን ሮጥክ?» ብለው ቢጠይቁ ብዙ ድንጋጤ ያድናሉ። ስፖርት ስኳር ያወርዳል የሚለውን ምክርም ሙሉ አድርገን እንናገረው፤ የሚያወርደው በሳምንታትና በዓመታት ነው፤ ጠንክረው በሮጡበት ሰዓት ግን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ይህን ያልተነገረው ሰው አንድ ቁጥር አይቶ ብርቱ ሩጫን ሲተው፣ የተወው ከበሽታው ሊጠብቀው የሚችለውን ልምምድ ነው።